ማልታ ስትመጡ ቫሌታን ለመጨረሻ አቆዩት

ማልታ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ሻንጣውን ማረፊያው ያስቀምጣል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ቀጥታ ወደ ቫሌታ። ወደቡን፣ ግንቡንና በወርቅ የተንቆጠቆጠውን ካቴድራል በአንድ ቀን አይቶ ይጨርሳል። በማግስቱ ሌላ ከተማ ስትወስዱት "ይሄም ግንብ ነው አይደል?" ይልና ስልኩን መነካካት ይጀምራል። አይፈረድበትም። የታሪኩን መጨረሻ ቀድሞ አይቶታል።

እኔ የምኖረው እዚሁ ነው። ከጀርመንም ከጣሊያንም ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚነቱ እኔ ላይ ይወድቃል። እናም ሁሉንም የማዞርበት የራሴ ቅደም ተከተል አለኝ። መጀመሪያ የድንጋይ ዘመን ቤተ መቅደሶች፣ ቀጥሎ አሮጌዋ መዲና ኢምዲና፣ ከዚያ ሁለተኛዋ ደሴት ጎዞ፣ ከዚያ የወደብ ዳሯ ከተማ ቢርጉ። ቫሌታ መጨረሻ። ደሴቲቱ በጣም ትንሽ ናት፤ ዋናዋ 246 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል መሄድ መንገድ አያበዛባችሁም።

ከመነሳታችሁ በፊት

ማልታ የሸንገን አገር ናት፤ ቪዛው እሱው ነው። ገንዘቡ ዩሮ ነው። እንግሊዝኛ ከማልትኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ የሚያግባባችሁ አታጡም። ግራ የሚያጋባው የቦታ ስም ነው። አውቶቡሱ ላይ ኤክስ ካያችሁ "ሽ" ብላችሁ አንብቡት፤ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ማርሳሽሎክ የሚባለው በዚህ ነው። ኪው የምትመስለዋ ፊደል ደግሞ ጉሮሮ ላይ ተይዛ ትቀራለች። ሃጃር ኢም የሚባለውን ቤተ መቅደስ "ሃጃር ቂም" ብላችሁ ብትጠይቁም ሾፌሩ ይገባዋል፣ አትጨነቁ።

ሰዓቱን እዚህ ጽሑፍ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወሮቹ፣ ቀኖቹና ዓመቶቹም እንደዚያው።

ሐምሌና ነሐሴ ባትመጡ እመርጣለሁ። የአገሩ ሕንጻ ሁሉ የማር ቀለም ባለው የኖራ ድንጋይ ነው የተሠራው፤ ፀሐዩን መልሶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ እነዚህ ጥሩ ናቸው። ጫማ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ድንጋዩ በሰው እግር ብዛት ለስልሶ መስታወት ሆኗል፤ ዝናብ ካካፋ ደግሞ ጉድ ነው።

አንድ ትኬት ብቻ ከቤታችሁ ሳትነሱ ግዙ፤ የሃይፖጂየሙን። ፓውላ በምትባል ከተማ፣ ተራ የመኖሪያ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ሥር፣ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ባለ ሦስት ደረጃ የመቃብር ቦታ ነው። በ1902 ለአዳዲስ ቤቶች የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው ያገኙት። ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው አጽም እንደነበረበት ይገመታል። የሰው ትንፋሽ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ሥዕል ስለሚጎዳው በአንድ ዙር 10 ሰው ብቻ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው ትኬቱ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት የሚያልቀው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ካልደረሳችሁም አትዘኑ፣ ሌላ የሚታይ አለ። ከደረሳችሁ ግን ቅደም ተከተሉን ከሱ ጀምሩ።

ቤተ መቅደሶቹ

ከቫሌታ በር ውጭ ካለው ጣቢያ (ከተማዋን ገና አትግቡ) 74 ቁጥር አውቶቡስ ሃጃር ኢም በር ላይ ያወርዳችኋል። የአውቶቡስ ትኬት ለ2 ሰዓት ስለሚያገለግል ብትቀያይሩም ሌላ አትከፍሉም። ጠዋት ሂዱ።

ሃጃር ኢምና ታች ያለው ኢምናይድራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3600 እስከ 2500 ባለው ዘመን የተሠሩ ናቸው። ሲጀመሩ የግብጽ ፒራሚዶች ገና አልታሰቡም ነበር። ብረት አልነበራቸውም። በድንጋይ መሣሪያ ነው ይህን ሁሉ የጠረቡት። ሁለቱም በ2009 ትልቅ ነጭ ድንኳን ተዘርግቶላቸዋል። ብዙ ሰው ፎቶ አበላሸ ብሎ ያማርራል። እኔ ግን ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፤ ዝናቡና የባሕሩ ጨው ድንጋዩን እየፈረፈረው ነበር፣ ለጎብኚውም ጥላ ሆኖታል።

ሃጃር ኢም ላይ ብዙ አትቆዩ። ቁልቁል 500 ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኢምናይድራ ግቡ። ዋናው እሱ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት የንጋት ጮራ በደቡቡ ቤተ መቅደስ ዋና በር ገብቶ ቀጥ ብሎ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ክረምትና በጋ መግቢያ ላይ ደግሞ ብርሃኑ ከበሩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ድንጋዮች ጠርዝ ይነካል። በሌላ ቀን ብትሄዱም በሩ ፊት ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ዞር በሉ፣ አቅጣጫው ወዲያው ይገባችኋል። ግድግዳው ላይ በጥቃቅን ነጥብ የተበሳሱ ድንጋዮች አሉ። ጎንበስ ብላችሁ ከቅርብ እዩዋቸው። እያንዳንዷ ቀዳዳ በእጅ ነው የተፈለፈለችው። ሠሪውን ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ ትዕግሥቱ ግን ያስቀናል።

ውኃ ያዙ። ሽቅቡ ሲመለሱ ነው የሚሰማው።

ኢምዲና እና ራባት

ቫሌታ ከመቆርቆሯ በፊት የደሴቲቱ ዋና ከተማ ኢምዲና ነበረች። 51፣ 52 እና 53 ቁጥር አውቶቡሶች ከቫሌታ ይወስዷችኋል። ሮማውያን ሲይዟት አሁን ራባት የምትባለውን ጎረቤቷን ጨምራ ሰፊ ከተማ ነበረች። በኋላ ዐረቦች አጠበቧት፤ ጥልቅ ጉድባ አስቆፍረውም ከራባት ለዩአት። ዛሬ ግንቡ ውስጥ የሚኖረው ጥቂት መቶ ሰው ነው። መኪና ከነዋሪው በቀር አይገባም።

ሁሉም ሰው ጠዋት ኢምዲና፣ ከሰዓት ራባት ይላል። እናንተ ገልብጡት። ራባትን በጠዋት አድርጉት፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉ።

ራባት ለእኛ ሰው የተለየ ትርጉም አላት። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ላይ መላጥያ ተብላ የተጻፈችው ደሴት ይህችው ናት። የጳውሎስ መርከብ ከ276 ነፍስ ጋር ተሰብራ እዚህ ነው የወጡት፤ 3 ወርም ቆይተዋል። በትውፊት ጳውሎስ ያረፈበት የሚባለው ዋሻ ራባት መሐል፣ በስሙ ከተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው። ትንሽ ነው፣ እርጥበት አለው፣ ከሐውልቱና ከመብራቱ ሌላ ምንም የለውም። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2022 ሲመጡ እዚያ ወርደው ጸልየዋል። አክስቴን የወሰድኳት ቀን ደረጃው አፍ ላይ ጫማዋን አወለቀች። ጠባቂው "እማማ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል" ብሎ በእንግሊዝኛ ቢነግራት፣ እሷ በአማርኛ "ዝም በል ልጄ" ብላው ወረደች። ማንም አልከለከላትም።

ከዋሻው ጥቂት እርምጃ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምቦች አሉ። ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ሙት የተቀበረባቸው የምድር ውስጥ ክፍሎች ናቸው። ክርስቲያኑም አይሁዱም አረማዊውም እዚያው ነው የተቀበረው፤ አንዳንዱ መግቢያ ላይ የተቀረጸ ባለ ሰባት መብራት መቅረዝ ታያላችሁ። ከሁሉም እኔን የሚያስቆመኝ ከአለቱ ተጠርቦ የወጣው ክብ ማዕድ ነው። ዙሪያው ተጋድሞ ለመብላት እንዲመች አዘንብሎ ተፈልፍሏል። ቤተሰብ ለሙቱ መታሰቢያ ወርዶ አብሮ የሚበላበት ነበር። ተዝካር ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይባላል? ብዙዎቹ ክፍሎች ጠባብ ናቸው፤ ጎንበስ ብሎ መግባት የሚከብደው ሰው ትልቁን ዋናውን ብቻ ይይ።

ምሳ ላይ ፓስቲትሲ ብሉ። በሪኮታ አይብ ወይም በአተር የተሞላ፣ በንብርብር ሊጥ የሚጋገር ነገር ነው። ከምድጃ እንደወጣ ካልሆነ አትግዙት። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የአተሩንም ቢሆን ጠይቁ፤ ሊጡ ብዙ ጊዜ ስብ አለበት።

ወደ ኢምዲና ከ4 ሰዓት በኋላ ግቡ። የቱሪስት አውቶቡሶቹ መመለስ ይጀምራሉ። ዋናው በር የ1724 ሥራ ነው። ከተማዋን በ1693 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷት ነበር፤ ካቴድራሉም ፈርሶ ሎሬንሶ ጋፋ በሚባል ማልታዊ አርክቴክት እንደ አዲስ ተሠራ። ፊት ለፊቱ ሁለት ሰዓት አለው። "አንዱ ተበላሽቷል" የማይለኝ እንግዳ የለም። አልተበላሸም፤ አንዱ ሰዓቱን፣ ሌላው ቀኑን ነው የሚያሳየው።

ከዚያ በኋላ ካርታ አያስፈልግም። ጠባቦቹን መንገዶች እየተከተላችሁ ዙሩ። በሮቹ ላይ ያሉትን የናስ ማንኳኪያዎች እዩ፤ አንበሳ አለ፣ ዶልፊን አለ። መንገዱ የሚታጠፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ነፋስ ይሰብራል፣ ጥላም ይሰጣል። እስኪመሽ ብትቆዩ መብራቱ ሲበራ ታያላችሁ። የመመለሻ አውቶቡሳችሁን ሰዓት ግን ቀድማችሁ እዩ፣ ማታ ላይ ይሳሳል።

ወደ ቫሌታ ስትመለሱ ሞስታ ከመንገዳችሁ ብዙ አትርቅም። ትልቅ ጉልላት ያለው ቤተ ክርስቲያን አላት። ሚያዝያ 9 ቀን 1942 ሰው ለጸሎት ተሰብስቦ ሳለ የጀርመን ቦምብ ጉልላቱን በስቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። አልፈነዳም። አምሳያው ውስጥ ተቀምጧል፤ አይታችሁ ውጡ፣ ይበቃል።

ጎዞ

ከችርከዋ ወደብ ፌሪው 25 ደቂቃ ያህል ነው። ችርከዋ ደግሞ ከቫሌታ በ41 ወይም በ42 ቁጥር አውቶቡስ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ታገሡ። ስትሄዱ ትኬት የሚጠይቃችሁ የለም። የሚከፈለው ስትመለሱ ነው። ሌላው አማራጭ ከቫሌታ የሚነሳው ፈጣን ጀልባ ነው፤ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ማዕበል ሲነሳ ግን ሆድ ይንጣል።

ጎዞ ላይ ጅጋንቲያ የሚባለው ቤተ መቅደስ አለ፤ ከኢምናይድራ ቢያረጅ እንጂ አያንስም። ኢምናይድራን በደንብ ካያችሁ እዚህ ፈጠን በሉ። ጊዜያችሁን ለቺታዴላ ስጡት፣ ከከተማዋ በላይ ኮረብታው አናት ላይ ለተቀመጠው ምሽግ። በ1551 የኦቶማን ቱርክ መርከቦች መጡ። 5 ሺህ ያህል ሰው፣ የደሴቲቱን ሕዝብ ከሞላ ጎደል፣ ለባርነት ጭነው ሄዱ። ከዚያ በፊትም በኋላም የባሕር ወንበዴ ስለማይጠፋ እስከ 1637 ድረስ የጎዞ ሰው ሌሊት ምሽጉ ውስጥ እንዲያድር በሕግ ይገደድ ነበር። ግንቡ ላይ ወጥታችሁ በአራቱም አቅጣጫ ባሕሩን ስታዩ፣ ማታ ማታ ምን ሲጠብቁ እንደነበር ይገባችኋል። ይህን ሳታዩ ቢርጉን መጎብኘት ግማሹን መተው ነው።

በድሮ ፎቶ የምታውቁት በባሕሩ ዳር የነበረው የድንጋይ መስኮት የለም። በመጋቢት 2017 በማዕበል ወድቋል። አሁንም ድረስ ልውሰዳችሁ የሚል ባለ ታክሲ አለ፤ ቦታው ያምራል፣ መስኮቱ ግን የለም።

ቢርጉ

አሁን ወደ ፈረሰኞቹ። የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች በኢየሩሳሌም የጀመሩ መነኮሳት ወታደሮች ናቸው። ሱልጣን ሱሌይማን በ1522 ሮድስ ደሴትን ከነጠቃቸው በኋላ ዓመታት ተንከራተው በ1530 ማልታ ተሰጠቻቸው። ኢምዲና ለመርከበኛ አትመችም፣ ባሕር የላትም። ስለዚህ ወደቡ ዳር ቢርጉ ላይ ሰፈሩ።

በግንቦት 1565 ያው የሱሌይማን ጦር ተከተላቸው። ምጽዋን በ1557 የያዘው ማለት ነው። ከ30 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። ፈረሰኞቹ ራሳቸው ከ500 እስከ 600 ቢሆኑ ነው፤ የቀረው ተዋጊ በአብዛኛው የማልታ ሕዝብና ቅጥር ወታደር ነበር። ከወደቡ ማዶ፣ ያኔ ባዶ በነበረው ኮረብታ ጫፍ፣ ሴንት ኤልሞ የሚባል ትንሽ ምሽግ ነበራቸው። በቀናት ውስጥ ይወድቃል የተባለው ወር ገደማ ቆየ። ሰኔ 23 ቀን ወደቀ፤ ቱርኮቹም ድራጉት የሚባለውን ስመ ጥር አዛዣቸውን እዚያ አጡ። ከበባው በመስከረም ተፈታ። ማልታ እስከ ዛሬ መስከረም 8 ቀንን በዓል አድርጋ ታከብራለች።

ቢርጉ ስትገቡ መጀመሪያ ከዋናው አደባባይ ኋላ ያሉትን ጠባብ መንገዶች ዙሩ። የፈረሰኞቹ የመጀመሪያ ማደሪያዎች እዚያ ናቸው፤ በየቋንቋቸው ተከፋፍለው ነበር የሚኖሩት። ቀጥሎ የቅዱስ ሎሬንሶስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለችውን ትንሽ የጸሎት ቤት ፈልጉ። የፈረሰኞቹ አለቃ የነበረው የዣን ዴ ላ ቫሌት ባርኔጣና የጦር ሰይፍ እዚያ አሉ። ብዙ ጎብኚ ሳያውቃት ያልፋል። ባርኔጣዋ ጥቁር ናት፣ ምንም ጌጥ የላትም። ከበባውን የመራው ሰውዬ ስድሳውን አልፎ ሰባ የተጠጋ ነበር፤ ባርኔጣዋን ሳይ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው።

የመርማሪዎቹ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን መናፍቅ የሚሏቸውን የምትመረምርበት ቤት ነበር። ከመርማሪዎቹ ሁለቱ በኋላ የሮማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነዋል። የእስረኞቹን ክፍል ሳታዩ አትውጡ፤ ግድግዳው ላይ የጫሩት ምልክት አለ።

ጫፍ ላይ ያለው ፎርት ሴንት አንጀሎ ነው። በ1608 ሠዓሊው ካራቫጆ እዚያ ታስሮ አምልጧል። ስሙን ያዙልኝ፣ ነገ ታገኙታላችሁ።

በመጨረሻ ቫሌታ

ቫሌታን ከአውቶቡስ ጣቢያ አትግቡ። ከቢርጉ በኩል በፌሪ ግቡ። ከከበባው በኋላ ፈረሰኞቹ ያ ባዶ ኮረብታ ለጠላት መድፍ ሁለተኛ እንዳይመች ብለው ከተማ ሊሠሩበት ወሰኑ። መጋቢት 28 ቀን 1566 የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ከውኃው ላይ ሆናችሁ ስታዩት ግንቡ ለምን እንዲህ እንደገዘፈ ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። ዣን ዴ ላ ቫሌት በስሙ የተጠራችውን ከተማ ተሠርታ አልቃ ሳያያት በ1568 ሞተ።

ከፌሪው ወርዳችሁ 58 ሜትር በሚወጣው ሊፍት ላይኛው ባራካ መናፈሻ ውጡ። 12 ሰዓትና 4 ሰዓት ላይ መድፍ ይተኮሳል። ልጅ ከያዛችሁ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት፣ ይጮኻል።

የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ከውጭ ደረቅ ምሽግ ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ወርቅ ነው። ወለሉ ወደ 400 በሚጠጋ የፈረሰኞች የእብነ በረድ መቃብር ተሸፍኗል፤ በላዩ ላይ አጽሞች ማጭድ ይዘው ይስቃሉ። ለዚህ ነው ባለ ቀጭን ታኮ ጫማ የማያስገቡት። ትከሻም መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ወይም ሻርፕ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

በስተቀኝ ባለው የጸሎት ክፍል የካራቫጆ ትልቁ ሥዕል አለ፤ የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሲቆረጥ። ቅርብ ሄዳችሁ ከአንገቱ የፈሰሰውን ደም እዩ። ካራቫጆ ስሙን የጻፈው በዚያ ደም ነው። ፊርማውን ያኖረበት ብቸኛ ሥዕሉም ይሄ ነው። ሥዕሉን በሠራበት በ1608 ፈረሰኛ አድርገውት ነበር። ከዚያ ተጣላ፣ ታሰረ፣ ከትናንቱ ምሽግ አመለጠ። በታኅሣሥ ወር ፈረሰኞቹ ተሰብስበው በሌለበት ከማኅበሩ አባረሩት። የተሰበሰቡት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሥዕል ፊት ነው።

ከካቴድራሉ በኋላ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ግቡ። በሃይፖጂየሙ የተገኘችው "የተኛችዋ ሴት" እዚያ ናት። ትልቅ ሐውልት ጠብቃችሁ እንዳትደነግጡ፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት። ከዚያ ባለ ቀለም የእንጨት ሰገነቶቹን እያያችሁ ቁልቁል ሴንት ኤልሞ ድረስ ውረዱ። በውስጡ የጦርነት ሙዚየም አለ። የእንግሊዝ ንጉሥ በሚያዝያ 1942 ለደሴቲቱ ሕዝብ በሙሉ የሰጠው የጆርጅ መስቀል እዚያ ነው፤ አሁንም ባንዲራቸው ላይ ያለው ምልክት እሱ ነው።

ካቴድራሉ እሁድ ለጎብኚ ዝግ ነው። ስለዚህ የቫሌታ ቀናችሁ እሁድ ላይ እንዳይወድቅ አስቀድማችሁ ቁጠሩ። የግድ ከሆነባችሁ ቫሌታን ቅዳሜ አድርጉትና እሁድን ለማርሳሽሎክ ተዉት። የዓሣ ገበያው ያን ቀን ነው፤ ጀልባዎቹም አፍንጫቸው ላይ ዓይን ተስሎባቸው ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ከቫሌታ 81 ቁጥር ይወስዳችኋል፤ ከረፋዱ በፊት ድረሱ።